የግራናው ፓምፕ የዓርብ ዝምታ

ዓርብ ጧት ከወልድያ መናኸሪያ ስነሳ ዓላማዬ አንድ ነበር፤ ሌባ መያዝ። በጃቫ የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራም ግራና አካባቢ የውሃ ፓምፕ ላይ ለተገጠመ መሣሪያ በኔትወርክ መልእክት ይልካል። «አለህ? ቆጣሪው ስንት ላይ ነው?» ይለዋል፤ መሣሪያውም ይመልሳል። ዓርብ ዓርብ ግን ጭጭ። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ደውለው፣ «ጠባቂው መሣሪያውን እያጠፋ የአማቹን ሽንኩርት ያጠጣል። አንተ ብቻ አረጋግጥልን፣ በነጋታው እናሰናብተዋለን» ብለውኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባይ ስለሆንኩ ሐሳቡ ወዲያው ተስማማኝ።

እስከ ግራና

ሚኒባሱ ሲሪንቃ ሰው ሊያወርድ ሲቆም የጎኔ ተሳፋሪ «ወዴት ነህ ወንድሜ?» አለኝ። «መርሳ፣ ዘመድ ጋ» ብዬ ዋሸሁ። ጠባቂውን ቢያውቀውስ? መርሳ ወርጄ ማንጎ ስገዛ ፍሬውን አንድ በአንድ እያገላበጥኩ ስመረምር ሻጯ «አይዞህ ወንድምዓለም፣ አይነክስህም» ብላ ሳቀችብኝ። ወደ ግራና የወሰደኝ ባለባጃጅ ደግሞ በስልክ «እየመጣን ነው» ሲል፣ አስጠነቀቀብኝ ብዬ ጠረጠርኩት። ለካ መንገድ ላይ የምትጠብቀው ተሳፋሪ ነበረችው።

ፓምፑ ዘንድ

ፓምፑም መሣሪያውም ተዘግተዋል። ጠባቂው አባባ ሰይድ ነጭ ጀለብያ ለብሰው ለጁምዓ ሶላት ሊወጡ ሲሉ ደረስኩ። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ፣

«መሣሪያውን ማን አጠፋው?» አልኩ።

«እኔ ነኛ! ማን ያጥፋው ደግሞ?» አሉ ሳይደነግጡ። «ጁምዓ አይደል? በሬ እንኳ ከቀንበር ወርዶ ያርፋል። ይኼ ግን መብራቱ ብልጭ ብልጭ፣ የሚጠይቀው አያልቅበት፣ ሲመልስ ውሎ ሲመልስ ያድራል። ወላሂ አሳዘነኝ። ሐሙስ ማታ ታንከሩን ለሰዉ እሞላና ሁለቱንም አሳርፋቸዋለሁ።»

ያ የማያልቅበት ጠያቂ እኔ ነበርኩ።

«ሊያስወጡኝ ነው የሚባለው እውነት ነው፣ ልጄ?» አሉ ቀጥለው። «ከዚች ሥራ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።»

አሁንም አላመንኳቸውም። ላፕቶፔን ከፍቼ መሣሪያው ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ማታ መጨረሻ የላከውን ቁጥርና ቅዳሜ ጧት መጀመሪያ የላከውን አስተያየሁ። ቆጣሪው መሣሪያው ቢጠፋም ውሃ ካለፈበት መዞሩ አይቀርም። ያለፉትን ሳምንታት ሁሉ አየሁ፤ በአንዱም ዓርብ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ጠብታ ውሃ አልወጣም። ይህ ሁሉ መልስ ወልድያ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ግን ዝምታውን ብቻ ይዤ ሌባ ፍለጋ ወጣሁ። በጣም አፈርኩ።

ለሰብሳቢው እዚያው ደወልኩላቸው። «ውሃው አልተነካም። አባባ ሰይድ ንጹሕ ናቸው።»

ሰብሳቢውም «እንዲያ ከሆነ ይቆዩ» አሉ።

መልስ ወልድያ

አመሻሽ ላይ ቤቴ ገባሁ። መሣሪያው ሲዘጋ ፕሮግራሜ «የተጠረጠረ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር፤ ለዓርብ «የጁምዓ ዕረፍት» እንዲል አስተካከልኩት። የአባባ ሰይድ ስልክ ቁጥር እጄ ላይ እያለ፣ መሣሪያቸውን ቀን ከሌት «አለህ?» ስል ከርሜ እሳቸውን አንድ ቀን እንደምን ዋሉ አላልኳቸውም ነበር።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ እደውላለሁ። ትናንት «አሳረፏቸው ወይ?» ብላቸው፣

«እነሱማ አርፈዋል» አሉኝ። «አንተስ መቼ ነው የምታርፈው?»