በማርያም ዕለት የተተከለ ዱላ

ባለፈው ቅዳሜ ከአየር ማረፊያ ስመለስ ወገቤ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቶ ነበር። ከንጋት በፊት ጀምሬ መንገደኛ ሳመላልስ ውዬ፣ ከሰዓት በኋላ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ከተማ ያለው ቤቴ ገብቼ ሶፋው ላይ እንደ ጆንያ ተዘረገፍኩ። ልጄ ሄራን ግን በፖስታ የመጣ ረጅም ካርቶን ታቅፋ ስትጠብቀኝ ኖሯል። ከፈተችው። በእርጥብ ወረቀት የተጠቀለለ ቀጭን እንጨት ነው፤ አፈር የሌለው ሥሩ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተንጨባሯል። ለጓሯችን የአበባ ዛፍ መሆኑ ነው። ዛሬ መሬቱ ለስልሷል፣ ነገ ስኖው አለ፣ አሁኑኑ እንትከለው አለችኝ፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ።

ዐይኔን ሳልገልጥ ማቀዝቀዣው ላይ ወደተለጠፈው የቤተ ክርስቲያን ካሌንደር ጠቆምኩ። "ዛሬ ማርያም ናት። መሬት አይቆፈርም።"

"ዳድ፣ አንተ እኮ በማርያም ቀን ስትነዳ ነው የዋልከው።"

አካፋውን ይዛ ወጣች። እኔም ዐይኔን እንደጨፈንኩ ሞንትቤሎ፣ የድሮ የዴንቨር ሰፈሬ ሄድኩ፤ የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት ወደነበረው ሞንትቤሎ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አየር ማረፊያ ተሽከርካሪ ወንበር እገፋለሁ፤ የገፋሁት ርቀት ቢደመር አንዲት አሮጊት ከዴንቨር ካይሮ አድርሼ በመለስኩ ነበር። የምኖረው ጋሽ ተኪኤ የሚባሉ ታክሲ ነጂ ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን ሌሊት ሌሊት የሆቴል አንሶላ ያጥባሉ። ሁለቱም ኤርትራውያን ናቸው፤ ትምህርት ቤት የተማሩት አማርኛቸው ከእኔው ይጠራ ነበር። እትዬ ለተብርሃን "ወደይ" ይሉኛል፣ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ወደይ ብላ፤ ወደይ ኮፍያህን አድርግ። ያቺ ቃል ከሽሯቸው በላይ ታጠግበኝ ነበር፤ ሽሯቸው ደግሞ የሞተ ታስነሣለች።

በታኅሣሥ ወር አንድ ቀን ጠዋት ጋሽ ተኪኤ መንዳት ሊያስተምሩኝ ታክሲያቸውን ሰጡኝ። ፓርክ አደርጋለሁ ብዬ በረዶው አንሸራተተኝና በራቸው ላይ የነበረውን ክራብ አፕል ገነደስኩት። ክራብ አፕል ማለት ለፍሬው ሳይሆን ለአበባው ብቻ የሚተከል ዛፍ ነው። እኔ አልሄድኩበትም፣ እሱ ነው ወደ መኪናው የመጣው ብዬ ለመከራከርም ሞክሬያለሁ። ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም። እትዬ ለተብርሃን ቤቱን በገዙ ሳምንት በገዛ እጃቸው የተከሉት ነው። አባታቸው ከረን አጠገብ የብርቱካን አትክልተኛ ነበሩና፣ ለእሳቸው ዛፍ የሌለው ቤት በር እንደሌለው ቤት ነው።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በወደድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን "ወደይ" ቀረ። ሳህኑን ያስቀምጡና "ምግብ አለ" ብለውኝ ይሄዳሉ። ሁለት ወር ሙሉ እንደ ሆቴላቸው እንግዳ ኖርኩ።

ስለዚህ ችግኝ አዘዝኩ። በየካቲት አጋማሽ በካርቶን መጣ። ስከፍተው መፋቂያ የላኩልኝ መሰለኝ፣ ለግዙፍ ሰው የሚሆን መፋቂያ። ጋሽ ተኪኤ አገላብጠው አዩትና "ሥጋውን አስቀርተው አጥንቱን ላኩልህ" አሉ። አብሮት የመጣው ወረቀት ሥሩ ሳይደርቅ በጥቂት ቀን ውስጥ አፈር መግባት አለበት ይላል፤ መሬቱ ደግሞ አካፋ ሲያርፍበት እሳት የሚተፋ ብረት ሆኗል። ሥሩን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ አስተኝቼ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እየረጨሁ አምስት ቀን አስታመምኩት።

በስድስተኛው ቀን ኮሎራዶ አመሏ ነውና በዊንተር መሃል ድንገት ሞቀች። ከጣራው ውሃ ይንጠባጠባል፣ መንገዱ ሁሉ እርጥብ አፈር እርጥብ አፈር ይሸታል። የዕረፍት ቀኔም ነው። ዜናው ግን ማታ ከባድ በረዶ እንደሚጥልና ብርዱ እንደሚሰነብት ይናገራል። ዛሬ ካልተተከለ ዱላው ዱላ ሆኖ ይቀራል። ቀኑን ብቆጥር የካቲት ሃያ አንድ፤ ማርያም።

እትዬ ለተብርሃን ከሌሊት ሥራቸው መጥተው፣ ሳይተኙ ነጠላቸውን አጣፍተው ለቅዳሴ ሲወጡ አካፋውን አዩት። "ዛሬ በዚህ ግቢ መሬት አይቆፈርም" አሉ፣ ለግድግዳው የሚናገሩ ይመስል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ብቆፍር በዓል ሽሬ አስቀይማቸዋለሁ፤ ባልቆፍር ዛፋቸውን ሁለተኛ ገደልኩ ማለት ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ከእመቤታችን ጋር ስደራደር ረፈደ። በመጨረሻ ቆፈርኩ። ስቆፍር ደግሞ እልህ ያዘኝ። ነፋስ እንዳይጥለው ብዬ የመብራት ምሰሶ የሚያቆም ጉድጓድ አወጣሁና እንጨቱን እስከ ወገቡ ቀበርኩት፤ በጫማዬም ረጋገጥኩት።

አካፋውን ሳልደብቅ እትዬ ከቅዳሴ ከች አሉ። ነጭ እንደለበሱ ቆመው ዛፉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ዛፉን። እርግማን ስጠብቅ፣ ወደ ችግኙ ሄደው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ፤ ቀስ ብለው፣ መጀመሪያ አንዱን ጉልበት፣ ከዚያ ሌላውን። አፈሩን በእጃቸው ይዝቁ ጀመር።

"አንገቱን ቀበርከው" አሉ፣ ግንዱ ላይ ያለችውን እብጠት በጣታቸው እየነኩ። "ከሥሩ ጋር የተቀጠለው እዚህ ጋ ነው። ይኼ ከአፈር በላይ ካልሆነ ይታፈናል።"

"እትዬ፣ ማርያም ናት እኮ" አልኩ። ምን እንዳስለፈለፈኝ እንጃ።

ቀና አሉ። "እኔ አልቆፈርኩም። አንተን ነው ያረምኩት፤ እሷም ታውቃለች።" ከዚያ የተጠቀለለውን ሥር እንደ ጃንጥላ እየዘረጉ፣ "በል ውሃ አምጣ፣ ወደይ።"

ከደስታዬ ብዛት ቧንቧው ጋ የደረስኩት ባልዲውን ረስቼ ነው።

ማታ በረዶው ወረደ። በሚያዝያ ሰፈሩ ሁሉ ሲለመልም የእኛው ዱላ ዝም አለ። ጋሽ ተኪኤ ኮታቸውን ሊሰቅሉበት ዛቱ። ግንቦት ሊያልቅ ሲል የምስር ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ብቅ አለች፤ በሁለተኛው ዓመት አበበ። እትዬ ለተብርሃን ካረፉ ቆዩ፣ ቤቱም ተሸጧል። ዛፉ ግን ጣራውን አልፏል፤ መኪናው ባዶ ሲሆን በዚያ በኩል ዞሬ አያለሁ።

ዐይኔን ስገልጥ ሄራን በመስኮቱ ትታየኛለች። ዛፏን እስከ ወገቡ ቀብራ በጫማዋ ትረጋግጣለች። ነገሩ በዘር ነው ማለት ነው።

ወጣሁና ተንበረከክኩ፤ መጀመሪያ አንዱን ጉልበት፣ ከዚያ ሌላውን። አይቆፈርም አላልክም ወይ ብትለኝ፣ እኔ አንቺን እያረምኩ ነው አልኳት።

መነሣት ግን አቃተኝ። ሄራን ክንዴን ይዛ፣ እየሳቀችብኝ፣ እንደ ተተከለ ነገር ነቀለችኝ። ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ ነው የገባኝ። እትዬ ለተብርሃን ያን ቀን እኔ ዛሬ ባለሁበት ዕድሜ ነበሩ። ሌሊቱን አንሶላ ሲያጥቡ አድረው፣ ቆመው አስቀድሰው ነው የመጡት። እኔ "ወደይ" ተባልኩ ብዬ ስሮጥ፣ እሳቸው ጭቃው ውስጥ ብቻቸውን ቀርተዋል። ባልዲውን ይዤ ስመለስ ቆመው ነበር የጠበቁኝ። ማን እንዳነሣቸው እስከ ባለፈው ቅዳሜ ድረስ አልጠየቅኩም።