ሩቅ የመሰለው በርሜል

የእህቴን ባል መጋዘን ውስጥ «ሜትር» ነበር የምንለው። ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ መኪና ሲነዳ፣ የፊት ሹካው በርሜሉን ሊነካ የፀጉር ያህል ሲቀረው ያቆመዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልቧጨረም! እኔ ደግሞ በርሜሎቹ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ እንበሻሸቃለን። «ጋሼ፣ ሚስትህን የሰጠሁህ እኔ ነኝ፣ ቀስ በል» እለዋለሁ። «የሰጠኸኝማ ምላሷን ነው» ይለኛል።

ግራ ዓይኑ መጥፋቱን ያወቅሁት ሻይ ሲቀዳልኝ ነው። ብርጭቆውን ስቶ ጠረጴዛው ላይ አንቆረቆረው። አፍጥጬ ሳየው፣ «ለእህትህ ትንፍሽ እንዳትል» አለኝ። ለካ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ኖሯል። ርቀትን የምንለየው ሁለቱ ዓይኖች ከተለያየ ቦታ ያዩትን አእምሮ ስለሚያገናኘው ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ የቀረው ሰው ግን አብዛኛውን በመጠን ይገምታል፣ ትልቅ ሆኖ የታየውን ቅርብ፣ ትንሹን ሩቅ ይላል ብለውታል።

«ታዲያ የእኛ በርሜል ሁሉ እኩል አይደል? ሲተልቅብኝ እቆማለሁ» አለ።

እኔ ጅሉ አመንኩት። አይ፣ ለምን እዋሻለሁ፤ አላመንኩትም። ግን ሥራውን ቢያጣ የእህቴ ሦስት ልጆች ምን ይውጣቸዋል ብዬ ዝም አልኩ።

ስምንት ወር በሰላም አለፈ። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አዲስ ጭነት ገባ፤ ያው ሰማያዊ፣ ያው ቅርጽ፣ መጠኑ ግን ግማሽ። ማንም አልነገረውም። እኔ በበርሜሉና በግድግዳው መካከል ተንበርክኬ ስለጥፍ ሞተሩን ሰማሁ፣ ቀናም አላልኩ፤ ሜትር ነዋ! እሱ ግን በርሜሉ ትንሽ ሆኖ ስለታየው ገና ሩቅ መስሎት ገፋበት። በርሜሉ ተገፍቶ ቀኝ እጄ ግድግዳው ላይ ተጨፈለቀ። ሦስት ጣቶቼን አጣሁ።

ከሆስፒታል ስወጣ አለቃችን ሁለታችንንም ቢሮው ጠራን። «ጥፋቱ የማን ነው?» አለ።

«የእኔ ነው» አልኩ። «መግባት በሌለብኝ ቦታ ገብቼ ነው።» እንደሚያባርሩኝ አውቃለሁ፤ ግን እኔ ወንደላጤ ነኝ፣ ለራሴ አላንስም።

የእህቴ ባል ብድግ አለ። ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነና፣ «ጌታዬ፣ ስንት ጣት እንዳወጡ ይጠይቁኝ» አለ።

«ጋሼ፣ ተው በናትህ!»

«ግራው ጨለማ ነው። ከስምንት ወር በላይ ሆነው። እሱ ምንም አያውቅም ነበር።»

የፎርክሊፍቱን ቁልፍ ያኔውኑ ተቀበሉት። እኔን በሥራዬ አቆዩኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ነው የሚውለው፤ ሥራ ቢጠይቅም የሚቀጥረው አላገኘም።

እህቴ በየሁለት ቀኑ ቁስሌን ታጥብልኛለች። «ጉደኛ! ለአንተ ለወንድሜ እንኳን ሳይናገር!» እያለች ባሏ ላይ የስድብ ናዳ ታወርዳለች። እሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይሰማል፣ እኔ አውቅ እንደነበር ግን አይነግራትም። እኔም እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።