ዳማውን ያነሣንበት ዓመት

ጎረቤቴ ጉንፋን ሲይዛት ፌጦ ትወቅጣለች። ሽታው አጥሩን ዘሎ ይመጣል፤ የሚሰነፍጥ፣ ዓይን የሚያስነባ ሽታ ነው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ግን እጄን አያለሁ። መዳፌ ላይ በቅቤ የተለወሰ ፌጦ ያለ ይመስለኛል፤ ከመዳፌ ሥር ደግሞ ያበጠ የፈረስ ሥጋ፣ ሞቆ፣ ትር ትር እያለ። ልጄ፣ ስለ መጀመሪያው ትዳሬ በጠየቅሽኝ ቁጥር ወሬ የምቀይርብሽ ለዚህ ነው። ስለ ትዳሬ ለመናገር ስለ ፈረሱ መናገር አለብኝ፤ ስለ ፈረሱ ደግሞ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ያኔ ጃንሆይ ነበሩ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች የአባቴን ቤት የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ፤ በዚህ የተነሣ ሳላገባ ቆየሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ የአሰላ ሴቶች ከኋላዬ ቆሞ ቀር ማለት ጀምረው ነበር። አባቴ ከኢተያ ወደ ላይ፣ ጭላሎ ሥር መሬት ላለው ሰው ዳረኝ። ከሰውየው እኩል እንድቆም ብሎ ዳማ ፈረስ ሰጠኝ። ቀለሙ እንደ ጠቆረ ማር ነበር፤ ፀሐይ ስታርፍበት ጀርባው ቀይ ይሆናል። ልጓሙን እጄ ላይ አስያዘኝና፣ «ይሄ የአንቺ ነው፤ የባልሽ አይደለም» አለኝ። ባሌ አጠገባችን ቆሞ ይሰማ ነበር። ፈገግ አለ።

በዚያ ቤት ከባሌ ይልቅ የምፈራት አማቴን ነበር። ረጅም፣ ደረቅ ያለች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አባቷ የአንድ ባላባት ፈረሶች ጠባቂ ስለነበር ከፈረስ ጋር ነው ያደገችው ይባላል። እኔን ግን ከእንስሳቱ ያነሰ ነበር የምታናግረኝ። «በሩን ዝጊ።» «ጨው አንሶታል።» ሌላ ቃል አልነበራትም። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛውም ተጋመሰ፤ እኔ አላረገዝኩም። ከዚያ ወዲያ እነዚያም ቃላት አነሱ።

በጥር ባሌ ጎረቤት ሰርግ ሄደ። ከጓደኞቹ ጋር ሜዳ ላይ ሽምጥ ሲጋልቡ የዳማው ግራ የፊት እግር የፍልፈል ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ባሌ ክርኑ ተልጦ መጣ። ፈረሱ ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በሦስት እግሩ እየነጠረ፣ ሁለት ሰዎች እየገፉት ግቢ ደረሰ። አረፋ ደፍቆ፣ ዓይኑ ፈጦ ነበር። ግራ ወርቹ የራሴን ያህል አብጧል።

«ነገ ገደሉ አፍ ወስዳችሁ ልቀቁት። ጅቦቹ ይገላግሉታል» አለ ባሌ። ይህን ብሎ ውሃ ጠየቀኝ፤ ክርኑን የሚታጠብበት።

አማቴ ከቤት ወጣች። ማንንም ሳታናግር ፈረሱን ዞረችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከሰኮናው ጀምራ ወደ ላይ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ልክ የጠፋባትን ነገር በጨለማ እንደምትፈልግ። ወርቹ ጋ ስትደርስ ፈረሱ ጮኸ። እሷ ግን እጇን አላነሳችም።

«አጥንቱ ደህና ነው» አለች ቀና ብላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ነይ፣ ጭንቅላቱን ያዢልኝ።»

በዚያ ቤት «ነይ» የተባልኩት ያን ቀን ነው።

ከቤታችን በታች ከጭላሎ የሚወርድ ጅረት አለ። ውሃው አጥንት ይቆርጣል። ጠዋትና ማታ ዳማውን እየደገፍን ወርደን እዚያ እናቆመው ነበር። እኔ ቀሚሴን ጉልበቴ ላይ ቋጥሬ ልጓሙን እይዛለሁ፤ እሷ በቅል እየቀዳች ወርቹ ላይ ታፈስሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር።

«እሱ ዝም ብሎ ቆሟል፤ የምትንቀጠቀጪው አንቺ ነሽ» አለችኝ አንድ ጠዋት፤ ሳቀችም። ጥርሷን ያየሁት ያኔ ነው። ከፊት አንዱ ተሰብሯል።

እብጠቱ ሲጎድል ወደ ሙቀት ዞርን። ጨው ጠብሳ በጨርቅ ትቋጥርና እያፈራረቅን ወርቹ ላይ እንጭናለን። ከዚያ ፌጦውን በቅቤ ለውሳ ማሸት አስተማረችኝ። እኔ ችኩል ነበርኩ፤ ጠጣር ነገር ሳገኝ በአውራ ጣቴ እጫነው ነበር። እጄን በእጇ ያዘችና ዘረጋችው። «አትውጊው። መዳፍሽን አሳርፊበትና ጠብቂ፤ እሱ ራሱ ይለቅልሻል» አለችኝ። እውነትም ጠጣሩ ከመዳፌ ሥር ቀስ ብሎ ሲላላ ይሰማኝ ነበር። ዳማው ያኔ ከንፈሩን ይጥልና በረጅሙ ይተነፍሳል። የገብስ እስትንፋስ ነበረው፣ እርጥብ፣ አንገቴ ላይ የሚሞቅ።

መራመድ ሲጀምር እግሩን እየጎተተ አስቸገረ። ሕመሙ ቢሄድም ፍርሃቱ አልሄደም። አማቴ የባሕር ዛፍ አጣና አምጥታ መሬት ላይ አራርቃ ደረደረች። እኔ ከፊት ገብስ በመዳፌ ይዤ እጠራዋለሁ፤ እሷ ከጎን ሆና ጉልበቱን እየነካች፣ «ሱታ፣ ሱታ» ትለዋለች። ቀስ በል ማለት ነው። ፈረስ የምታናግረው በኦሮምኛ ብቻ ነበር። አጣናው ላይ እየተደናቀፈ፣ እየቆመ፣ እያላበው፣ እግሩን ማንሳት እንደገና ተማረ።

አምና ጉልበቴን አሞኝ ሆስፒታል ስታመላልሺኝ፣ አንድ ቀን ነጭ የለበሰች ልጅ ወለሉ ላይ ዱላ ደርድራ አንድ ሽማግሌን በላዩ ስታራምድ አየሁ። ሳላስበው ድምፄን አውጥቼ «ሱታ» አልኩ። ልጅቷ ዞር ብላ፣ «ምን አሉኝ እማማ?» አለች። ምንም አላልኩም አልኳት።

ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ዳማውን ይዘን የለሰለሰ እርሻ ዳር ለዳር እናዘግማለን። ስንሄድ ታወራኝ ጀመር። ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ መዳሯን ነገረችኝ፤ ከባሌ በፊት የወለደቻቸውን ልጆች ተራ በተራ መቅበሯን ነገረችኝ። ጥርሷን የሰበረው ባሏ እንደሆነም፣ የሌላ ሰው ታሪክ ይመስል፣ እየሄደች ነገረችኝ። እኔም እናቴን በመልክ እንደማላስታውሳት ነገርኳት። ማታ ከራሷ ሳህን ቅቤ የበዛበትን ገንፎ ወደ እኔ ገፋችው። ባሌ አየ፤ መብላቱን ቀጠለ። ስለ ፈረሱ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

በመስከረም መጨረሻ፣ ገብሱ እሸት መሆን ሲጀምር፣ አማቴ ኮርቻውን ራሷ ጫነች። «አንቺ ቀላል ነሽ። ውጪበት» አለችኝ።

ፈረሱ የእኔ ሆኖ ሳለ ከሰርጌ ቀን በቀር ተቀምጬበት አላውቅም ነበር። ጅረቱን በእርምጃ ተሻገርን። ዳገቱ ላይ ጆሮውን አቆመ፤ አልገታሁትም። ሮጠ። ግራ እግሩ መሬት ሲመታ የምሰማው ድምፅ ከቀኙ ጋር አንድ ነበር። ነፋሱ ሻሼን ወሰደው። ከኋላዬ «በቃ! በቃሽ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ፤ ቀጥሎ እልልታ። ዞሬ ሳይ አማቴ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻዋን ቆማ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልል ትላለች። እናት ይህን ይመስላል ማለት ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ባሌ ፈረሱን ማየት ጀመረ። ዞሮ ዞሮ አየው፤ ወርቹን በመዳፉ መታ መታ አደረገውና፣ «እናቴ እኮ ሙት ታስነሳለች!» አለ። በሬ ለመግዛት ብሎ ዲክሲስ ሄደበት። በሬ ሳያመጣ ተመለሰ። ደግሞ ሄደ። ላብ ያጠመቀውን ዳማ የማሸው አሁን እኔ ብቻ ሆንኩ፤ አማቴ ወገቤን አመመኝ ብላ ወደ ጅረቱ መውረድ ተወች። ባሌ ከኢተያ ገበያ ቀያይ ጥለት ያለው የኮርቻ ልብስ ገዛ። ጋማውን እንድጎነጉን አዘዘኝ። ጎነጎንኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው የጎነጎንኩት።

የጭሰኛችን ሚስት ወተት ይዛ ስትመጣ ጅረቱ ዳር ዳማውን ሳጥብ አገኘችኝ። ኦሮምኛውንና አማርኛውን እየቀላቀለች ነው የምታወራው። «ፈርዲ ኬ፣ ፈረስሽ፣ አምሮበታል!» አለችኝ። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ። «ግን እህቴ፣ አንቺ እንዴት ታጥቢዋለሽ? እንዴት እጅሽ እሺ ይላል?»

«ለምን?» አልኳት።

ወተቱን መሬት አስቀመጠች። «ባልሽ ዲክሲስ ሽማግሌ ልኮ የለ? ለጥር አይደል ሰርጉ?»

ቤት ስገባ አማቴ ገብስ እያበጠረች ነበር። «እውነት ነው?» አልኳት። ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ሰፌዱ እጇ ላይ ቆመ።

«የልጅ ልጅ ሳላይ ልሞት ነው» አለች። «የልጅቷ አባት ደግሞ ባለጸጋ ነው፤ በእግሩ ለሚመጣ ልጁን አይሰጥም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

«ከፋሲካ በፊት።»

ከፋሲካ በፊት እኔና እሷ ውሃ ውስጥ ቆመን ነበር። «ታዲያ እኔን ለምን ጠሩኝ እማማ?»

ከሰፌዱ ላይ ጠጠር ለቅማ ጣለች። «ብቻዬን አልችለውም ነበር» አለች በመጨረሻ፤ ሰፌዱንም መነቅነቅ ጀመረች።

አባቴ ሰምቶ ከአሰላ መጣ። ሽማግሌዎች ከግቢው በር ላይ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጡ። አባቴ ረጅም ንግግር አላደረገም። «ልጄን መልሱልኝ፤ ፈረሷንም መልሱላት» አለ። ባሌ ተነሥቶ በትሕትና እጅ ነሣ። የተሰጠው ፈረስ ጥር ላይ ሞቷል አለ፤ ገደል ሊጣል የተዘጋጀ ሬሳ ነበር፤ አሁን የቆመውን ፈረስ ያቆመችው እናቱ ናት። የወደቀውን ያነሣ ባለቤት ነው፤ ለአባቴ ግን ስለ ክብሩ ጊደር እንደሚሰጠው ተናገረ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«አብረን ነው» አልኩ። ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣኝም። «አብረን ነው ያነሣነው።»

አማቴን ጠሩ። ነጠላዋን አፏ ላይ አጣፍታ መጣች። ሽማግሌው እውነቱን እንድትናገር አስማላትና ፈረሱን ማን እንዳዳነው ጠየቃት። ባሌ መሬት መሬት ያያል። እኔ እሷን ብቻ ነው የማየው።

«እኔ ነኝ ያዳንኩት» አለች።

«ልጅቷስ?»

«እሷ ልጓም ትይዝ ነበር።»

ነገሩ በዚሁ አለቀ። አባቴ ጊደሯን አልቀበልም ብሎ ዱላውን አነሣ። ልብሴን በአንድ አቁማዳ ከትቼ ተከተልኩት። አባቴ በንዴት ከፊት ርቆ ሄደ፤ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። አማቴ ናት። እስከ ጅረቱ ድረስ ተከተለችኝ። ዳማው ከማዶ መስኩ ላይ ተለቆ ይግጥ ነበር። ቀና ብሎ ሁለታችንንም አየን። ይመጣል ብዬ ቆምኩ። ጅራቱን ወዝወዝ አድርጎ ወደ ሳሩ ተመለሰ።

«አንቺ ትሄጃለሽ» አለች አማቴ። «እኔ ከልጄ ጋር እዚሁ ነኝ የምኖረው።»

ምን እንድላት እንደፈለገች ዛሬም አላውቅም። እጇን ወደ ትከሻዬ ስትዘረጋ ሸሸሁ፤ ውሃውንም ተሻገርኩ።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ያንቺን አባት አግብቼ ከወለድኩ በኋላ፣ ኢተያ ገበያ ላይ የዚያ አገር እህል ነጋዴ አገኘሁ። አማቴ መሞቷን ነገረኝ። ግራ ጎኗ ሽባ ሆኖ ጓዳ ውስጥ ረጅም ጊዜ ተኝታለች አለኝ። ልጇ ከነሚስቱ ወደ አርቦዬ ሄዶ ነበር፤ ምግብ የምታቀብላት ገረድ ብቻ ነበረች።

«ጎኗን የሚያሻት ሰው አልነበረም?» አልኩት።

ሰውየው ግራ ገብቶት አየኝ። «ማን ያሻታል?» አለ።

እህሌን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ንዴት ይሁን ሐዘን አልለየሁትም። ሰው ብትልክብኝ እሄድ ነበር። በዚያው ቀን ተነሥቼ እሄድ ነበር።

አልላከችብኝም።