የጋሽ ጀብሪል ግራ ክንድ

ሲራክ ወልድያ ውስጥ ከመናኸሪያው በታች ባለችው ጋራዡ ሃያ ዓመት ሠርቷል። ከሁሉ በላይ ስሙን ያስጠራው መኪና ከፍ በማድረግ ነው። ከመርሳ ወደ ሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች ሰውና እህል የሚያመላልሱ አሮጌ ላንድክሩዘሮች በድንጋዩና በወንዙ ሆዳቸው ሲላጥ ባለቤቶቻቸው ወደ እሱ ይመጣሉ። እሱም ወፍራም ባሌስትራ፣ መኪናውን ከጎማው በላይ የሚሸከመውን የተነባበረ ብረት፣ ያስገባላቸዋል፣ ትልልቅ ጎማ ያጠልቅላቸዋል፤ መኪናው አንድ ስንዝር ያህል ከመሬት ርቆ ይወጣል። ሲራክ የነካው መኪና ሁለተኛ አይመለስም ይባል ነበር። ይህን ወሬ መስማት ይወዳል፤ ሰው ሲያወራውም አያስቆምም።

ጋሽ ጀብሪል የመርሳ ሰው ናቸው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አርባውን ያሳለፉት መሪ ይዘው ነው። በጉልምስናቸው ከባድ መኪና ነዱ፣ ሲደክማቸው አንዲት ላንድክሩዘር ገዙና የቀበሌውን ሰው ከገበያ ወደ ቤቱ ማድረስ ሥራቸው ሆነ። ምጥ የያዛትን ሴት ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያወርዱ እሳቸው ነበሩ። ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ መኪናቸውን ሲራክ ዘንድ አምጥተው ከፍ አስደረጉ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ።

«ሲራክ፣ ልጄ፣ መሪው ወደ ግራ ይስበኛል» አሉት። «ሜዳ በሆነው አስፋልት ላይ እንኳ ጥብቅ አድርጌ ካልያዝኩት ከፊት ወደሚመጣው መኪና ነው የሚሄደው።»

ሲራክ የፊት ጎማዎቹን አቀያይሮ፣ ነፋሳቸውን አስተካክሎ ሸኛቸው። ጋሽ ጀብሪል በአሥር ቀናቸው ደግመው መጡ። ያን ጊዜ ሲራክ የጎማውን ኩሽኔታ አጠበቀ፣ ፍሬኑ ይዞ እንደሆነ ጎማውን አንስቶ በእጁ አሽከረከረ፣ የመሪውን ዘንጎች አንድ በአንድ ነካካ። የጎማ አቋም ወደሚለኩበት ቤትም ላከው፤ የፊት ጎማዎቹ እርስ በርሳቸው ልክ ናቸው ተባለ። መኪናው ግን ወደ ግራ መሳቡን አልተወም።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጡት በገበያ ቀን ነበር። ጋራዡ በሹፌርና በደንበኛ ተሞልቷል። ሲራክ «እኔ ልንዳውና ልየው» ብሎ ቁልፉን ተቀበለና ብቻውን በሐራ መንገድ ወጣ። ሜዳው ላይ ሲደርስ ሁለት እጁን ከመሪው አነሳ። መኪናው ትንሽ ቀጥ ብሎ ሄደና ቀስ እያለ ወደ ግራ፣ ወደ መንገዱ መሃል አዘነበለ። መለሰው። እንደገና ለቀቀው። እንደገና ወደ ግራ ሄደ።

ዳር ይዞ ቆመ። ሳይነካ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራሱ በእጁ ያስገባው ባሌስትራ። እሱን ለመፈተሽ መኪናውን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ፈታትቶ መዋል ሊኖርበት ነው። ለዚያ ልቡ እምቢ አለው። መኪናውን አዙሮ ተመለሰና ቁልፉን ለሽማግሌው ዘረጋላቸው።

«በእኔ እጅ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ጋሼ።»

«እኔን ግን ይስበኛል» አሉ ጋሽ ጀብሪል። «ግራ ክንዴ እስኪዝል ድረስ ታግዬ ነው የምመልሰው።»

«እንግዲያው ክንድዎን ይታዩ። የሚስበው መኪናው አይደለም፣ ዕድሜ ነው።»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ሙባረክ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር «ጋሼ፣ አሁንስ ለወጣት ይልቀቁ» አላቸው። ጋሽ ጀብሪል አልተቆጡም። ግራ እጃቸውን አጠፍ ዘርጋ አድርገው አዩትና «ይሆናል» አሉ። ከዚያም መኪናቸውን ቀስ አድርገው እየነዱ ሄዱ።

አራት ወር አለፈ። በየካቲት አጋማሽ ያቺው መኪና ጋራዡ በር ላይ ቆመች። የወረደው ግን ጋሽ ጀብሪል ሳይሆኑ የወንድማቸው ልጅ ናስር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ክንደ ብርቱ ጎልማሳ።

«ይህች መኪና ወደ ግራ ትስባለች» አለ ናስር። «ምንድን ነው ነገሩ?»

«አጎትህስ?» አለ ሲራክ።

«ትተዋል። አንተ ከነገርካቸው ቀን ወዲህ መሪ አልነኩም። መኪናዋ ቆማ ከርማ ገና በዚህ ሳምንት ነው እኔ የያዝኳት።»

ሲራክ ናስርን ከተማ ውስጥ ጉዳዩን ፈጽሞ እንዲመለስ ነገረውና ብቻውን ቀረ። ሜትር አወጣ። በቀኝ በኩል ከኋላ ጎማ መሃል እስከ ፊት ጎማ መሃል ለካ፤ በግራ በኩልም እንዲሁ። ግራው በሦስት ሳንቲሜትር ያጥራል። ተኝቶ ከሥር ገባ። ባሌስትራው መሃሉ ላይ ያለው ብሎን ከሁለቱ ጫፎች እኩል አይርቅም፤ ከብሎኑ በአንድ በኩል ያለው ይረዝማል። የቀኙን በትክክል አስገብቶታል። የግራውን ግን ፊቱን ወደ ኋላ ገልብጦ ነው ያሰረው። ስለዚህ የግራው የፊት ጎማ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘው አክስል ጠምሞ መኪናውን ሁልጊዜ ወደዚያው ይመራዋል። የሦስት ደቂቃ ልኬት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቢለካው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ያገኘው ነበር።

ፈታው፣ አዙሮ አሰረው። ናስር ከሰዓት በኋላ ተመልሶ «ምን ሆኖ ነው?» ሲለው «ጎማው ነበር» አለው። ይህን ሊል አላሰበም ነበር። ከአፉ ወጣ፤ ከወጣም በኋላ አልመለሰውም።

ማታ ሳይመሽ ናስር ከመርሳ ደወለ። «አላህ ይስጥህ፣ አሁን ቀጥ ብላለች። ለአጎቴም ነገርኳቸው፤ ‹እሰየው፣ መኪናዋስ ዳነች› አሉ።»

ሲራክ ስልኩን ዘጋና የጋራዡን በር ቆለፈ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሚስቱም ሳይነግራት ሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ መርሳ ሄደ። መንገድ ላይ እስካለችው ሲሪንቃ ድረስ የሚናገረውን ሲያበጅ ነበር። ባሌስትራውን ተሳስቼ ነው ያስገባሁት ይላል፤ መሳሳት የሰው ነው። ነድቼ አውቄው ነበር የሚለውን ግን ምን ያስፈልጋል እያለ ራሱን ያባብላል።

ጋሽ ጀብሪልን ያገኛቸው የልጃቸው የነሲባ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በር ላይ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ሲያዩት ተነሱለት፣ ስለ ቤተሰቡ ጠየቁት። የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ናጅዋ እጇን ዘርግታ መጣችና አንሱኝ አለች። ሽማግሌው ግራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ በቀኛቸው ብቻ ሊያነሷት ታገሉ። ነሲባ ፈጥና ተቀበለቻቸው።

«ግራውን አያምኑትም» አለች ለሲራክ። «ደሴ ድረስ ሄደው ታይተዋል፤ ምንም አላገኙበትም። እሳቸው ግን ሐኪሙ ነው ያላየው ይላሉ። ልጅቷን እጥላታለሁ ብለው ይፈራሉ።»

ሲራክ ያበጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። የባሌስትራውን ነገር እየተንተባተበ ነገራቸው። ጋሽ ጀብሪል እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ጠየቁት።

«ያኔ ለሦስተኛ ጊዜ የመጣሁ ቀን፣ ብቻህን ነድተህ ስትመለስ፣ ታውቅ ነበር?»

«ምክንያቱን አላወቅሁም ነበር።»

«መሳቡንስ?»

ሲራክ መሬት መሬት አየ። «መሳቡን አውቅ ነበር። እጄን ለቅቄ አይቼዋለሁ።»

ነሲባ ይዛው የነበረውን መቀስ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ጠዋት በተነሱ ቁጥር ጣታቸውን እያጠፉ እየዘረጉ ሲሞክሩ አያቸው ነበር» አለች። «እኔም አባ፣ ዕድሜ ነው፣ ይቀበሉት እያልኩ አጽናናቸው ነበር። እኔንም የውሸትህ አጋዥ አደረግኸኝ።»

«አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አለ ሲራክ።

«አፉ ብዬሃለሁ» አሉ ጋሽ ጀብሪል። ድምፃቸው አልከረረም። «ነገር ግን የተናገርከው በሰው ፊት ነው። የምታነሳውም እዚያው ነው።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ናስር ነድቶ አመጣቸው። ጋራዡ እንደ ልማዱ ሞልቷል፤ ሙባረክም አለ። ሲራክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መሃል ቆመና «ባለፈው ስለ ጋሽ ጀብሪል ክንድ የተናገርኩት ውሸት ነው» አለ።

ሙባረክ ግር ብሎት አየው። «የትኛውን?»

የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። የሳቁት ሰዎች እዚያው ረስተውት ሄደዋል። ሲራክ ያላሰበው ይህን ነበር። ስለዚህ ስድቡን ከሥሩ ጀምሮ፣ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመው እየሰሙ፣ ደግሞ መናገር ግድ ሆነበት፤ ምን እንዳለ፣ ሲል ምን ያውቅ እንደነበር፣ ባሌስትራውን ማን እንደገለበጠው። ሲጨርስ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው ወደ መኪናው ሞተር ጎንበስ አለ። ሙባረክ ብቻ ወደ ሽማግሌው ቀረብ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ።

ከዚያ ጋሽ ጀብሪል ቁልፉን ከናስር ተቀበሉና ሲራክን ከጎናቸው አስቀምጠው ወደ ሐራ መንገድ ነዱ። መሪውን በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘውታል። ጥቂት እንደሄዱ መኪናው ወደ ቀኝ ወደ መንገዱ ጠርዝ ሸሸ።

«ደግሞ አሁን ወደ ቀኝ ሄደ» አሉ፤ ድምፃቸው ደከመ።

«እርስዎ ነዎት የሚመልሱት፣ ጋሼ። ሳይስብዎት እየታገሉት ነው። ይልቀቁት።»

ወዲያው አላመኑትም። ዘወር ብለው አዩት። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈቱ። መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ። ዳር ይዘው አቆሙና ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ለራሳቸው።

ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ የሚወስደውን የተራራ መንገድ ናስር ያዘው፤ ሽማግሌው ወደዚያ አልተመለሱም። አራት ወር የተቀመጠ ሰው ድፍረቱ ሁሉ አይመለስለትም። አስፋልቱን ግን ይነዳሉ፤ ዓርብ ዓርብ ጎረቤቶቻቸውን ጭነው መስጊድ ያደርሳሉ። መኪናዋን የሚያዩላቸው ደግሞ መርሳ ውስጥ ያለ ሌላ ባለሙያ ነው። ሲራክ ይህን ከደንበኞቹ ሰማ። ለምን ብሎ አልጠየቀም።