የሄርሜላ ስኪና የከፍያለች ጫማ

ዕፀገነት እባላለሁ። ከከፍያለችና ከልጇ ከሄርሜላ ጋር አረብ አገር፣ አርድ ሊዋ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ተካፍለን እንኖራለን። አፌ አያርፍም፤ ስለዚህ ይህን ነገር እኔ ካልነገርኳችሁ ማንም አይነግራችሁም። ከፍያለች እንደሆነች ስለራሷ ተናግራ አታውቅም።

ዛማሌክ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ማዳም ኢልሃም ቤት ሠራተኛ ሆና ስትገባ ሄርሜላን አዝላ ነበር። ልጅቷ ከማዳም ልጅ ከሳሚ ኋላ ኋላ እያለች እዚያው አደገች። ታዲያ ኦክቶበር ከተማ አንድ የገበያ አዳራሽ አለ፤ ውጭው በሙቀት ሲነድ ውስጡ በረዶ የሞላበት ተዳፋት ነው። ሳሚን በልጅነቱ ስኪ፣ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ይማር ብለው ሲወስዱት ፈራ። «ሄርሜላ ካልገባች አልገባም» ብሎ አለቀሰ። ገባች። እሱ ሲወድቅ ሲነሳ ተማረ፤ የኛዋ ግን ምን ልበላችሁ፣ በረዶ ላይ የተወለደች ነው የምትመስለው! ዛሬ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ለካፕቴኗ (እዚህ አገር አሰልጣኝ ሁሉ ካፕቴን ነው) ትንንሾቹን ታለማምድለታለች፣ እሱም እሷን በነፃ ያሰለጥናታል። አርብ አርብ እኔና እናቷ ከመስታወቱ ወዲህ ቁጭ ብለን እናያታለን። ስትወርድ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል። እኔም አጠገቤ ለተቀመጠው ሁሉ «የኛ ልጅ ናት» እላለሁ፤ ማን ከለከለኝ!

ዘንድሮ ካፕቴኑ ከልጆቹ ጎበዝ ጎበዞቹን መርጦ ጆርጂያ ተራራ ሊወስዳቸው ሆነ። ፍሪራይድ ይሉታል፤ ያዕኒ፣ ማለትም ማሽን ባልደለደለው፣ እንደወረደ በተኛ ጥልቅ በረዶ ላይ መውረድ ነው። የአዳራሹ ቀጭን ስኪ፣ እግር ላይ የሚታሰረው ጣውላ፣ እዚያ ይሰምጣል፤ ሰፋ ያለ የራሷ ያስፈልጋታል።

ማዳም ይህን ስትሰማ «ካፊ፣ የሳሚን ውሰጂላት» አለች፤ ከፍያለችን ካፊ ነው የምትላት። ሳሚ ውጭ አገር ለትምህርት ሄዷል፤ ስኪው ውድ ነው፣ ገና ያብረቀርቃል። ከፍያለች እንደልማዷ አመስግና ተቀበለች። የማዳም ስጦታ አይመለስማ! እንጀራዋ እኮ እዚያ ቤት ነው። የተሰጣት ሸሚዝ ለልጅቷ ሲሰፋት «ታድግበታለች»፣ ጫማ ሲጠብ «ይለመዳል» እያለች ነው ስንት ዓመት የኖረችው። የማዳምን ጥቁር ቆዳ ጫማ ለበዓልም ለእንግዳም ታደርገዋለች። ማታ ስታወልቀው ጣቶቿን ላየ ሰው አንጀት ይበላል። «ጣይው እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!» ብላት «ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ይለመዳል» ትለኛለች። በስንት ዓመቱ እንደሚለመድ እንጃ።

አርብ ዕለት ሄርሜላ የሳሚን ስኪ ልትሞክር ይዛው ገባች። ስታቆመው ከራሷ በላይ ስንዝር ያልፋል። ካፕቴኑ አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። «ለረጅምና ለከባድ ወንድ የተሠራ ነው፣ ደረቅ ነው። ቢሆንም ትሞክረው» አለ። ከፍያለች የዚያን ቀን ከመስታወቱ ወዲህ መቀመጥ አላስቻላትም፤ ጃኬት ተውሳ ብርዱ ውስጥ ገባች። እኔንም ጎትታ አስገባችኝ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

ልጅቷ ወረደች። ወረደች አልልም እንጂ፤ ስኪው ነው ይዟት የወረደው። ልትታጠፍ ስትል ይዘገይባታል፣ ወደኋላዋ ትጋደማለች፣ ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ ላይ መቆም አቅቷት መጨረሻው ላይ የተወጠረው መረብ ውስጥ ገባች። ክው አልኩ። ሄርሜላ ግን ተነስታ በረዶውን አራገፈችና ወደ እናቷ ፈገግ አለች።

«ጥሩ ነው እማ። ይለመዳል።»

ከፍያለች ፊቷ ልውጥ አለ። የተናደደችው በስኪው አልነበረም፤ ያቺን ቃል ከልጇ አፍ በመስማቷ ነው።

«አውልቂው» አለች።

«እማ፣ ማዳም ምን ትላለች?»

«አውልቂው አልኩሽ!»

በዚያው ሰዓት ያን ቁመተ ረጅም ስኪ ተሸክመን ማይክሮባስ ውስጥ ገባን። ሾፌሩም ተሳፋሪውም ሰደበን፤ እኔም አልቀረሁም፣ መለስኩላቸው። ከፍያለች ግን እስከ ዛማሌክ ድረስ ስኪውን በሁለት እጇ አቅፋ ያዘች። ሥራዋን ልታጣ እንደምትችል ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። በሩ ላይ ስንደርስ ደወሉን ራሷ ደወለችው።

ማዳም ከፈተች። ከፍያለች ስኪውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ «ማዳም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለልጄ ልኳ አይደለም፤ መልሼዋለሁ» አለች።

ማዳም ስኪውን አየች፣ ከፍያለችን አየች፣ ቀጥሎ ዓይኗ ወደ ጥቁሩ ጫማ ወረደ።

«እሱስ፣ ካፊ?»

«ይጠበኛል፣ ማዳም። ከመጀመሪያውም ጠቦኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔ ችዬው ነበር። ዛሬ ግን ልጄ እንደኔ ስትዋሽ ሰማኋት።»

እናንተ! እኔ አፌ የማያርፈው ሴትዮ ከፍያለች ጀርባ ተሸሸግሁ። ማዳም «ኸላስ፣ በቃ» ብላ በሩን ገርበብ አደረገችው። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈች፤ ሆኖም አላባረረቻትም።

በሚቀጥለው አርብ ካፕቴኑ ከአዳራሹ የስኪ ማከራያ ክፍል ለሽያጭ ከወጡት ሁለት ጥንድ ስኪ አቀረበ። ሁለቱም ሲቆሙ ግንባሯ ላይ ይደርሳሉ፣ ጫፋቸው ወደ ላይ ቀና ያለ ነው፤ አንዱ በጣም ሰፊ፣ አንዱ መካከለኛ። ካፕቴኑ «ልጅቷ ቀላል ናት፣ ፈጣን ናት፤ የሚታዘዝላት ይሻላል፣ የሚያዛት አይደለም» አለን። ከፍያለች ስለ ስኪ ምንም አታውቅም፤ ልጇን ግን ታውቃታለች። ሄርሜላ በሰፊው ወርዳ «ጥሩ ነው» አለች። በመካከለኛው ወርዳ ግን አንድም ቃል ሳትናገር፣ እኛን ዞራም ሳታይ፣ ሮጣ ወደ ላይ መመለሻው ጋ ተሰለፈች።

«ያ ነው» አለች ከፍያለች። በምን ከፈለች አትበሉኝ፤ ከፈለች።

ጆርጂያ በሄዱ በመጀመሪያው እሑድ ሄርሜላ ከተራራው ላይ በቪዲዮ ደወለች። ከኋላዋ ነጭ በነጭ፣ ጉንጯ ቲማቲም መስሏል። ካፕቴኑ ስትወርድ የቀረጸውን ቀድሞ ልኮልን ነበር፤ በረዶው እስከ ጉልበቷ እየተበተነ፣ ልጄ፣ ልጃችን፣ ዘና ብላ ስትታጠፍ! እንባዬ መጣ፣ ምን እደብቃለሁ።

«ስኪው እንዴት ነው?» አለች እናቷ።

«ስኪውማ ልክክ ብሎልኛል! ግን እማ፣ ቦት ጫማው ትንሿ ጣቴን ይዟታል፤ ያመኛል። ለካፕቴኑ ነግሬዋለሁ፣ ነገ ያሰፋልኛል።»

ከፍያለች ስልኩን እኔ ላይ ወርውራ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ሙሽራ የመጣ መስሎት በሩን አንኳኳ።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ? ልጅቷ ጣቷን አሟታል እኮ!» አልኳት።

«ሰማሻት?» አለች፣ በባዶ እግሯ ምንጣፉ ላይ እየዘለለች። «ያመኛል አለች እኮ! ያመኛል አለች!»