የአሚራ ጭብጨባ

አሚራን ጊንጆ ሰፈር ውስጥ የማያውቃት የለም። ሳምቡሳዋ ከሰፈሩ አልፎ የኮሌጅ ተማሪዎችን ከሩቅ ይጠራል። ምላሷም ቀላል አይደለም፤ ተራ የሚያዛባ ሰው ከመጣ እዚያው ልክ ታስገባዋለች። ስብሰባ ላይ ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ቀበሌ ሲጠራ ሻርፗን አስተካክላ ከኋላ ትቀመጣለች፤ ሰው ሲያጨበጭብ ታጨበጭባለች፤ ከዚያ ወደ ምድጃዋ ትመለሳለች።

እኔም ጎረቤቷ እንደዚያው ነኝ። እኛ ሰፈር ጭብጨባ ጨዋነት ነው። ተናጋሪ ሲጨርስ ይጨበጨብለታል፤ ምን እንዳለ ሌላ ጉዳይ ነው። ጉድ የሠራንም ይኸው ጨዋነታችን ነው።

ባለፈው ስብሰባ ሊቀመንበሩ ኦቦ ቱሉ በኦሮምኛም በአማርኛም ረጅም ንግግር አደረጉ። መሀል ላይ፣ ወንዙ ላይ ያለው የእንጨት ድልድይ ስለበሰበሰ ይፈርሳል፣ ሰው በአስፋልቱ ዞሮ ይሂድ አሉ። ንግግሩ ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። አሚራማ ሊጧን አቡክታ ትታ ስለመጣች፣ በመገላገሏ ደስ ብሏት መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች። ኦቦ ቱሉም ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ብለው ስብሰባውን ዘጉ።

ነገሩ የገባት ቤቷ ስትደርስ ነው። ባሏ ጅብሪል ልብስ ሰፊ ነው። ከመኪና አደጋው ወዲህ በክራንች ነው የሚሄደው፤ የሚሠራበት ሱቅ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። በአስፋልቱ ዳገት ዞሮ መድረስ አይችልም፤ በየቀኑ ባጃጅ ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። ድልድዩ ከፈረሰ ቤት መዋሉ ነው። ከአደጋው በኋላ ቤት የዋለባቸውን ወራት አሚራ አትረሳቸውም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር፤ ምግብ ሲቀርብለት እንኳ ዘወር አይልም። እንደገና እንደዚያ ሆኖ ማየት ፈራች። ስብሰባ ላይ ልናገር ነው ስትለው አንድ ነገር ብቻ አስማላት፤ የእግሩን ነገር እንዳታነሳ። በሰው ፊት መታዘንን አይወድም።

በሚቀጥለው ስብሰባ እጇን አወጣች። እኔ ከጎኗ ተቀምጫለሁ። ድልድዩ አይፍረስ፣ ሳንቃው ይለወጥ አለች። ስለ ገበያተኛው አወራች፣ ስለ ተማሪው አወራች፤ ስለ ጅብሪል ግን አንድ ቃል አልወጣትም። ኦቦ ቱሉ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈገግ ብለው ባለፈው እሷም ማጨብጨቧን አስታወሷት። ሰው ሳቀ።

«ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ቱሉ፣ ያጨበጨብኩት ንግግሩ ስላለቀ ነው» አለች። ሳቁ ባሰበት። «ወላሂ ሁላችንም እንደዚያ ነን። ዛሬ እኔ ስጨርስ አታጨብጭቡልኝ። ድልድዩ ይጠገን የሚል ይነሳ።»

የተነሳ ሰው የለም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሳይነሳ ማንም አይነሳም። ሁሉም ፊት የተቀመጡትን አባ ሙሀጅርን ያያል፤ እሳቸው ደግሞ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ፤ እኔም ብሆን ግን አልተነሳሁም።

በሩ አጠገብ ክራንች ወለሉን ሲመታ ተሰማ። ጅብሪል ነው፤ መምጣቱንም አላወቅንም። ለመነሳት ጊዜ ወሰደበት። ሊደግፈው የተዘረጋውን እጅ ገፋ አደረገው።

«አሚራ የመጣችው በእኔ ምክንያት ነው» አለ። «እኔ በአስፋልቱ ዞሬ መሄድ አልችልም።»

«አልችልም» ሲል ሰምተነው አናውቅም። አሚራ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለች። ያኔ ተነሳሁ፤ ከጎኔ ያሉትም ተነሱ። የወንበሩ ጩኸት አባ ሙሀጅርን ቀሰቀሳቸው። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያዩ የመዝጊያ ዱዓ መስሏቸው እጃቸውን ዘርግተው ተነሱ። ከዚያ በኋላ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ኦቦ ቱሉ አዳራሹን ዙሪያውን ቃኙ። ሳንቃውን ቀበሌው ያቀርባል፣ ጉልበቱን ሰፈሩ ያዋጣል፣ ቅዳሜ ሥራ ይጀመራል አሉ። ይሄኔ ልማዳችን አልለቀን ብሎ አዳራሹ እንደገና በጭብጨባ ቀለጠ። ኦቦ ቱሉ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ ይሄኛው ጭብጨባ ለምንድን ነው?»

አሚራ ሻርፗን ገለጥ አድርጋ ወደ በሩ አየች። ጅብሪል ገና እንደቆመ ነው።

«ለእሱ ነው» አለች።