የወንድሜ ሚኒባስና የማትጠፋው መብራት

ወረታ ውስጥ መኪና የሚሠራ ሰው ሞልቷል። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ስለ አንዱ ነው፤ ሞተር ከመክፈታቸው በፊት ለሾፌሩ መቀመጫ ዱካ ስለሚያቀርቡት ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን።

ጋራዣቸው ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠለው መንገድ ዳር ያለች አንድ የቆርቆሮ ክፍል ናት። አባታቸው ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡ ሰው ነበሩ ይባላል። እሳቸው ግን ብረት ሲመቱ አይቼ አላውቅም። ሽቦ ይለካሉ፣ ያሸታሉ፣ ያዳምጣሉ። የመጣው ሾፌር ዱካው ላይ ይቀመጥና መኪናው ደህና ከነበረበት ከመጨረሻው ቀን ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ይናገራል። ሾፌሮች ይኼን አይወዱትም። አንዱ "ንስሐ ልገባ ነው እንዴ የመጣሁት?" ብሏቸው ነበር አሉ። እሳቸውም "ኃጢአትህን ለቄሱ አቆየው፤ ለእኔ የጫንኸውን ንገረኝ" አሉት።

ታላቅ ወንድሜ በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር የሚመላለስ ሚኒባስ አለው። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ፣ ሁለቱን በሬዎቹን ሸጦ፣ ሌላም ጨምሮበት ነው የገዛው። እኔ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ ፓስቲ እጠብሳለሁ። ከሰዓት በኋላ፣ መኪናው ቆሞ የሚውል ከሆነ፣ አጥበዋለሁ። ምንጣፉን አራግፋለሁ፤ የአየር ፊልትሮውንም አውጥቼ አጸዳለሁ። ፊልትሮ የሚባለው ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያጣራው እጥፍጥፍ ወረቀት ነው። ወንድሜ ይኼን ሥራ ሲሰጠኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሰው ጋር ማውራት ይከብደኛል። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም፤ በተማርሁበት ጊዜም ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ፓስቲ ስሸጥ እንኳ ገዢው ስንት እንደሚፈልግ በጣቱ ቢያሳየኝ እመርጣለሁ። ከመኪናው ጋር ግን እንግባባለን።

ጊዜው የሩዝ አዝመራ ነበር። የፎገራ ሩዝ ታጭዶ ሲወቃ ከተማው በመፈልፈያ ድምፅ ይሞላል። ከመፈልፈያው የሚወጣው ገለፈት ይደቅና ጣሪያውን፣ ቅጠሉን፣ የሰውን ቅንድብ ሳይቀር ያለብሰዋል። ወንድሜ ሚኒባሱን የሚያሳድረው ከአንድ መፈልፈያ ፊት ለፊት ነው። ተሳፋሪ የሚበዛበት ወቅት ስለሆነ ፊቱ በርቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ በሞተር ቅርጽ የተሠራችው ቢጫ መብራት በራች። መኪናው ጉልበት አጣ። በለጥ ባለው መንገድ ላይ እንኳ ነዳጅ ሲረገጥ ይንገጫገጫል፤ ተሳፋሪ ለማውረድ ሲቆም ሞተሩ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል።

ባሕር ዳር ወስዶ በኮምፒውተር አስመረመረው። የአየር መለኪያው ሴንሰር ተበላሽቷል ተባለ፤ አዲስ ተገጠመለት፤ መብራቷ ጠፋች። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ በራች። ደግሞ ወሰደው፤ ያው ሴንሰር ነው ተባለ። አሁን ግን እዚያ ያለ መካኒክ "ሁለተኛውን ካበላሸ ችግሩ ከውስጥ ነው። ሞተሩ ዘይት ሳይተፋ አይቀርም፤ ይውረድና ይታይ" አለውና ለሰኞ ቀጠረው። ሞተር ወርዶ ተፈትሾ እስኪገጠም አዝመራው ያልፋል። ወንድሜ እራት ላይ ለሚስቱ "ከወረደ አይነሣም። እንዳለ እሸጠውና ወደ እርሻዬ እመለሳለሁ" ሲላት ሰማሁ። የሚያርስበት በሬ እንደሌለው ሦስታችንም እናውቃለን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ "እዚህ ያሉትን ሽማግሌ ሳታሳያቸው ልትሄድ ነው?" አለችው።

"የእሳቸውን ጥያቄ ማን ይችላል" አለ፤ ግን ተነሣ። እኔንም አስከተለኝ፤ ሞተሩ መንገድ ላይ ከጠፋ የምትገፋ ትኑር ብሎ ነው።

ሽማግሌው ሚኒባሱን ሳይሆን ወንድሜን አዩት። "ተቀመጥ" አሉት።

"ጋሼ፣ ሴንሰር ነው። ሁለቴ በኮምፒውተር ታይቷል።"

"ኮምፒውተሩን ዱካ ላይ አስቀምጬ ልጠይቀው አልችል። አንተ ተቀመጥ።"

ተቀመጠና ስለ መብራቷና ስለ ሴንሰሩ ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ ነገራቸው። እኔ በሩ ጥግ ቆምሁ። እሳቸው አላቋረጡትም። ሲጨርስ የራሳቸውን መመርመሪያ ማሽን ከጨርቅ መጠቅለያው አወጡና ከመሪው ሥር ሰክተው አዩ። ያው የአየር መለኪያው ሴንሰር ነው።

"አላልሁዎትም?"

"ብለሃል። ማሽኑ የሚያለቅሰውን ልጅ ይጠቁማል። ማን እንደ መታው ግን አላየም።"

የፊት ወንበሩን አንሥተው ሞተሩን ገለጡ። ወደ ሴንሰሩ የሚሄዱትን ሽቦዎች በቴስተር አንድ በአንድ ለኩ፤ ሽቦዎቹ ደህና ናቸው። ሞተሩን አስነሡት፤ እየተንቀጠቀጠ ነው። ከዚያ ያላሰብሁትን ነገር አደረጉ። የሴንሰሩን ሶኬት ነቀሉት። አሁን ይጠፋል ብዬ ስጠብቅ ሞተሩ ረጋ አለ።

"ሰማኸው?" አሉት።

"ያለ ሴንሰር ይሻለዋል ማለት ነው?"

"ሞተሩ ስንት አየር እንደ ገባለት የሚነግረው ይኼ ነው። በነገረው ልክ ነዳጅ ያስገባል። ይኼ ሲዋሽበት ሰንብቷል። ስነቅለው በግምቱ መሄድ ጀመረ፤ ግምቱ ከውሸቱ ተሻለው።"

"እንግዲያ ተበላሽቷል።"

"አንዱ ቢበላሽ እሺ። አዲሱን ምን ነካው?"

ሴንሰሩን በካቻቢቴ ፈቱት። ጣት የምታህል የፕላስቲክ ነገር ናት። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ፀሐይ አዞሯት፤ ውስጧ ከፀጉር የቀጠነ ክር አለ። ክሩ ላይ ቡናማ ነገር ተለጥፎበታል። ቀጥለው ፊልትሮውን አወጡ፤ ወረቀቱ ላይ የዘይት ወዝ ነበረበት።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። "ይኸው። ሞተሩ ዘይት ይተፋል ያለው እውነቱን ነው።"

ሽማግሌው ሴንሰሩን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ቆዩ። ወረቀቱንም አሸተቱ። "ይኼ መኪና ቁርስ በልቷል" አሉ።

ወንድሜ ያለ ፍላጎቱ ሳቀ። እኔ ግን የምን ሽታ እንደሆነ ገባኝ።

ፓስቲ ከመጀመሬ በፊት መፈልፈያ ቤት ገለፈት እጠርግ ነበር። የዚያ ቤት ሞተር የድሮ ነው። አየር በሚስብበት አፉ ላይ ጎድጓዳ ነገር አለው፤ ባለቤቱ እዚያ ውስጥ ዘይት ይጨምሩና "አቧራው ዘይት ላይ ይቀራል፣ ሞተሩ ንጹሕ አየር ያገኛል" ይሉ ነበር። በአዝመራው መጀመሪያ የወንድሜን ፊልትሮ ሳራግፍ ገለፈቱ አሳዘነኝ። ቀጭን ጨርቅ ቀደድሁ፣ ከፓስቲ በተረፈ ዘይት ነክሬ ጨመቅሁት፣ ፊልትሮው ላይ አለበስሁት። በየሳምንቱ ጨርቁ ገለፈት ይዞ ሳገኘው ኮራሁ። ለማንም አልተናገርሁም። በዚያ ቅዳሜ ጨርቁ ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጥቶ ነበር። ስለዚህ ፊልትሮው ሲወጣ ከወዙ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

"ፊልትሮውን ማን ይነካዋል?" ብለው ጠየቁ።

"ከእኔ ሌላ ይኼን መኪና የሚነካው የለም" አለ ወንድሜ። አልዋሸም። የእኔን እጥበት እንደ መንካት አልቆጠረውም።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ጨርቁን ከአጥሩ አንሥቼ እሳት ውስጥ እጥለዋለሁ፤ ያልቃል። ግን ዝም ካልሁ ያ ወዝ ከሞተሩ የወጣ ሆኖ ይቀራል፤ ሰኞም ሞተሩ ይወርዳል። ከተናገርሁ ደግሞ መኪናውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህ ወዲያ እንድደርስበት የሚፈቅድልኝ የለም። ይኼን ሁሉ ያሰብሁት ሴንሰሯን በመሐረብ ላይ እስኪያስቀምጧት ድረስ ነው።

ሽማግሌው ወደ እኔ አላዩም። ለወንድሜ "የሞተር ዘይት ከሆነ መውረዱ ነው፤ አልዋሽህም" አሉት። "የሰው እጅ ካመጣው ግን ሞተሩ ደህና ነው። ያመጣውም ሰው ሞኝ አይደለም። አቧራውን አይቶ ያዘነ ሰው ነው።" ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ፤ የጸዳውን ጣት ደግመው ይጠርጋሉ።

"የፓስቲ ነው" አልሁ።

ድምፄ አልወጣም መሰለኝ። ደገምሁት። "ዘይቱ የፓስቲ ነው።"

"ደግሞ ፓስቲ ከመኪና ምን አገናኘው?" አለ ወንድሜ።

ሽማግሌው በእጃቸው ምልክት አስቆሙት። "አንተ ተነሥ። እሷ ትቀመጥ።"

ዱካው ላይ ተቀመጥሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደመጥሁበት ቀን የለም። ስለ መፈልፈያው ሞተር፣ ስለ ጎድጓዳው፣ ስለ ጨርቁ ተናገርሁ፤ ስቆም ጠበቁኝ፤ የቀረኝ ሲመጣልኝ ቀጠልሁ። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ጣልቃ ሊገባ ሲል ሁለቱንም ጊዜ በዓይናቸው መለሱት። ስንት ቀን አድሮ እንደምለውጠው፣ ጨርቁን በደንብ ጨምቄው እንደሆነ ጠየቁኝ። የጠየቁኝ እንደ ሥራ ባልደረባ ነው።

"ለመፈልፈያው ሞተር ልክ ነሽ" አሉኝ። "የዚያ ዘይት ጎድጓዳው ውስጥ ይቀመጣል፤ ሞተሩም ሴንሰር የለውም። ይኼኛው ሲሞቅ ዘይቱን ከጨርቁ ላይ በትንሽ በትንሹ እየሳበ ክሯ ላይ ይቀባዋል፤ የደቀቀው ገለፈት ይለጠፍበታል። ከዚያ አየሩን በምን ትለካው?"

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለ ወንድሜ።

"አልጠየቅኸኝም" አልሁት። ቃሏ ከአፌ ስትወጣ እኔም ደነገጥሁ።

"እሱስ እውነቷን ነው" አሉ ሽማግሌው፣ እየሳቁ። "አንተን ስንት ጥያቄ ጠየቅሁህ፤ ያንተ መልስ ያለው በሩ ጥግ ቆሞ ነበር።"

የሚረጨውን ማጽጃ ለእኔ ሰጡኝ። "ክሯን በጣትሽ እንዳትነኪ፤ ከሩቅ ርጪ።" ረጨሁ። ቡናማው ታጥቦ ክሯ ብልጭ አለች። ወንድሜ ጥሎት የነበረውን የመጀመሪያውን ሴንሰር ከወንበር ሥር አስወጥተው እሱንም አስጸዱኝ፤ ደህና ነው፣ ለመለዋወጫ አስቀምጠው አሉት። ክሯ እስክትደርቅ ሳይቸኩሉ ቆዩ። ፊልትሮው በአዲስ ተተካ፤ ሶኬቱ ተሰካ፤ ሞተሩ ተነሣ። እጄን ወንበሩ ላይ ባሳርፍ የሚንቀጠቀጥ ነገር የለም። በማሽናቸው መብራቷን አጠፏት።

"ማጥፋቱ ቀላል ነው" አሉ። "አለመመለሷን መንገድ ላይ እንየው።"

ሦስታችንም ሄድን፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ግራና ቀኙ የታጨደ የሩዝ ማሳ ነው፤ ከብት ቃርሚያው ላይ ተሰማርቷል። ወንድሜ ነዳጅ ሲረግጥ ሚኒባሱ ሳይንገጫገጭ በረረ። እኔ በወንበሮቹ መሐል ሰሌዳውን ብቻ ነበር የማየው። መብራቷ እስከ ሐሙሲት አልበራችም። አዝመራው እስኪያልቅም አልተመለሰችም፤ ያን ግን ያኔ አናውቅም።

ሐሙሲት መግቢያ ላይ ወንድሜ ዳር ይዞ አቆመና ባሕር ዳር ላለው መካኒክ ደወለ። ሽማግሌው ፊት ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

"ሰኞ አልመጣም" አለ ወንድሜ። "አዎ፣ ድኗል። ሞተሩ ምንም አልሆነ። የምግብ ዘይት ነው፣ ሴንሰሩ ላይ ተለጥፎ።"

ሰውዬው ማን አገኘው ብሎ ሳይጠይቀው አልቀረም። ወንድሜ በመስተዋቱ አየኝ።

"እህቴ ናት" አለው። "ፊልትሮውን የምትይዘው እሷ ናት።"